ውሃ ሳይመጣ ሮቶው ሲሞላ

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት ሰፈር ነው። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሲመጣም ውድቅት ላይ ይመጣል፤ ጉልበት ስለሌለው ወደ ላይ አይወጣም። መሬት ላይ ባለች ገንዳ ይጠራቀምና በፓምፕ፣ የብረት ማማ ላይ ወደተቀመጠው ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ይገፋል። ጣጣው ፓምፑን ማን ተነስቶ ያጥፋ የሚለው ነው። ተከራዮቹ በተራ ሞከርን። እንቅልፍ አሸነፈን። እኔ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ስለምወድ «ለእኔ ተዉት» አልኩ።

የሮቶው ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ገጠምኩ። ሥራዋ ቀላል ነው። በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ትለቃለች። ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የፈጀበትን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ከሴንሰሩ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ይወጣል። 20 ሴንቲሜትር ካለች ሮቶው ጢም ብሏል። 170 ካለች ባዶ ነው። በየደቂቃው አንድ ቁጥር ወደ ስልኬ ትልካለች።

በመጀመሪያው ቀን ከመጡልኝ ቁጥሮች መሃል እነዚህ ነበሩ፦ 82፣ 81፣ 82፣ 214፣ 82፣ 83፣ 80፣ 82።

214! ከ170 በታች እኮ ሮቶ የለም። በዚህ ቁጥር ከሄድን ውሃችን የሮቶውን ቂጥ ቀዶ አየር ላይ ተንሳፍፏል።

እንዲህ ያለውን ነገር ባለሙያዎች «ኖይዝ» ይሉታል። ጫጫታ እንደማለት ነው፤ ግን የግድ በጆሮ አይሰማም። ልታውቁት ከፈለጋችሁት ነገር ጋር ተደባልቆ የሚመጣ፣ ያልፈለጋችሁት ነገር ሁሉ ጫጫታ ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደሩ አንድ ረድፍ ናቸው። ፎቶ ወርድና ቁመት አለው፤ ይሄ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። የልብ ትርታ ግራፍ፣ የቀን ሙቀት መዝገብ፣ የተቀዳ ድምፅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ፣ ሁሉም የዚሁ ዘር ናቸው። ስለዚህ ስለ ሮቶ የማወራው ለእነሱም ይሠራል።

አማካይ የዋህ ነው

ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አማካይ መውሰድን ነው። እኔም እንደዚያው። አምስት አምስት ቁጥር እየወሰድኩ (ይህችን አምስት «መስኮት» እንበላት)፣ መስኮቷን አንድ አንድ ቁጥር ወደፊት እያንፏቀቅኩ አማካዩን ማስላት። «ተንቀሳቃሽ አማካይ» የሚሉት ይኸው ነው።

ጥሩ ጎን አለው። 81፣ 82፣ 83 እያለ ወዲያና ወዲህ ለሚወዛወዝ ትንንሽ ጫጫታ ፍቱን ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲሳሳት ሌላው ወደ ታች ይሳሳታል፤ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ሕጉም ግልጽ ነው፦ ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ 4 ልኬት አማካይ ብትወስዱ ጫጫታው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ብትወስዱ ወደ አንድ አሥረኛ። ልብ በሉ፣ ከመቶ እጥፍ ልፋት አሥር እጥፍ ጥቅም ነው የሚገኘው። ስስታም ሕግ ነው።

ግን 214ን ስጡት። 81፣ 82፣ 214፣ 82፣ 83 ሲደመሩ 542 ናቸው። ለ5 ሲካፈል 108.4። አንድ ውሸታም ቁጥር አራት እውነተኞችን ይዞ ገደል ገባ። በእኛ ሮቶ 1 ሴንቲሜትር ወደ 13 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ግራፉ «በአንድ ደቂቃ ከ340 ሊትር በላይ ውሃ ጠፋ» ይላል። ይባስ ብሎ ያቺ 214 ከመስኮቷ እስክትወጣ ድረስ አምስት ተከታታይ ውጤት ታበላሻለች። አማካይ ስህተትን አያጠፋም፤ ለጎረቤት ያከፋፍላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ዝላይ መድኃኒቱ ሚዲያን ነው። አምስቱን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ፦ 81፣ 82፣ 82፣ 83፣ 214። መልሱ 82። 214 ብትሆን 2014 ብትሆን ለውጥ የለውም፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች እንጂ ድምፅ የላትም። ከአምስት ሁለቱ ቢዋሹም ይቋቋማል። ሦስት ከሆኑ ግን ውሸታሞቹ አብላጫ ይሆኑና ነገሩ ያበቃል።

ይህን የሚሮጥ ሚዲያን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሰው ጆን ቱኪ ነው። እሱን ሰው በኋላም እናገኘዋለን።

እዚህ ጋ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ከሁሉም ማጣሪያ በፊት «ይህ ቁጥር ጭራሽ ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ20 በታችና ከ170 በላይ የሆነውን ሁሉ በር ላይ መመለስ አንድ መስመር ኮድ ነው። ሰው ግን ይህን ዘሎ ስሙ የሚከብድ ዘዴ ፍለጋ ይገባል። እኔም ገብቼ ነበር።

የእትዬ በርበሬ

ዝላዩ ጠፋ። አሁን ደግሞ ግራፉን ማሳመር አማረኝ። የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች አማካይ ወሰድኩ። መስመሩ ለጥ ያለ፣ እንደ ሐር የለሰለሰ ሆነ። ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት። ፓምፑም ቁጥሩ 30 ሲደርስ ራሱ እንዲጠፋ አዘዝኩ። ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት አከራያችን እትዬ በሩን እየደበደቡ ቀሰቀሱኝ። ለማስጣት ከማማው ሥር ዘርግተውት የነበረው በርበሬ በውሃ ተነክሯል። «አንተ ልጅ፣ የተኛው ማሽንህ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። ምን እላለሁ፣ ሁለታችንም ነበርን።

የሆነው እንዲህ ነው። ፓምፑ ሮቶውን በደቂቃ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይሞላል። የ15 ደቂቃ አማካይ ደግሞ የሚነግረኝ ስለ አሁን ሳይሆን ስለ ዛሬ ሰባት ደቂቃ በፊት ነው፤ የመስኮቱ መሃል እዚያ ነውና። ስለዚህ ግራፉ 30 ሲል እውነተኛው ውሃ 16 መድረስ ነበረበት። የሮቶው ማፍሰሻ ያለው 20 ላይ ነው። የ4 ሴንቲሜትሩ ልዩነት፣ ወደ 50 ሊትር፣ በርበሬው ላይ ሄደ።

ማለስለስ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ መዘግየት ነው። የተቀዳ ነገር ቁጭ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ግድ የለም፤ ያለፈውንም የሚመጣውንም ቁጥር ስለምታውቁ መስኮቷን መሃል ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ መዘግየቱም ይጠፋል። ነገሩ እየሆነ እያለ መወሰን ካለባችሁ ግን ነገን ማየት አይቻልም።

አሁን ለፓምፑ የምጠቀመው አጭር ሚዲያን ላይ ሌላ ቀላል ዘዴ ደርቤ ነው። የድሮውን ግምት ይዞ፣ አዲስ ቁጥር ሲመጣ ወደ እሱ በከፊል ብቻ መጠጋት። ግምቴ 82 ነበር እንበል፤ አዲሱ ልኬት 87 አለ። ልዩነቱ 5 ነው። የልዩነቱን አንድ አምስተኛ ብቻ አምናለሁ፣ አዲሱ ግምቴ 83 ይሆናል። አንድ ቁጥር ብቻ ማስታወስ ስለሚበቃው ለትንሽዬ መሣሪያ ይመቻል። ብዙ ባመናችሁት ቁጥር ፈጣን ግን ደንጋጭ ይሆናል፤ ትንሽ ካመናችሁት ረጋ ያለ ግን ሰነፍ። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣውና ሰው ወደ ጨረቃ የወሰዱትን የአፖሎ መንኮራኩሮች አቅጣጫ ለማስላት ያገለገለው ዘዴም ሥሩ ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ ምን ያህል ማመን እንዳለበት በየጊዜው ራሱ ማስላቱ ነው፤ «ፓምፑ ከጠፋ ውሃው ከፍ ሊል አይችልም» የመሰለ ዕውቀትም ይሰጡታል።

ቀጭንና ወፍራም

ሦስተኛው ዓይነት ጫጫታ ዝላይም ብትንትንም አይደለም፤ ምት አለው። የእኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ የሴንሰር ገመድ ከፓምፑ ገመድ ጋር አጠጋግታችሁ ከዘረጋችሁ ያ 50 ዘው ብሎ ይገባል። የልብ ምርመራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ጣጣ አሳምረው ያውቁታል። ቆዳ ላይ የሚደርሰው የልብ ኤሌክትሪክ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የሚሮጠው ደግሞ 220 ቮልት።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ትቶ እንደ ድምፅ መስማት ይሻላል። ማታ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ጅብ ከሩቅ ይጮሃል፣ ፌንጣ ያፏጫል። ሁሉም በአንድ አየር ተደባልቀው ነው ጆሮዬ የሚደርሱት። ጆሮዬ ግን ቀጭኑን ከወፍራሙ ይለያል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው ሥራው ያሳየው ሐሳብም ይኸው ነው፦ የተወሳሰበ መስመር የብዙ ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ሞገዶቹን ለይታችሁ ካወቃችሁ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ የምትወዛወዘዋን ብቻ ነቅላችሁ ጥላችሁ ቀሪውን መልሳችሁ መደመር ነው። ሒሳቡን ኮምፒዩተር ላይ ፈጣን ያደረገው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1965 ወጣ፤ ካወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ያው ጆን ቱኪ ነው። ሰውየው እረፍት አልነበረውም መሰለኝ።

አንድ ወጥመድ አለ። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝን ነገር በሴኮንድ 49 ጊዜ ብትለኩት፣ ግራፋችሁ ላይ በሴኮንድ አንድ ጊዜ የምትወዛወዝ የተረጋጋች ሞገድ ታያላችሁ። የለችም እኮ! ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህች የውሸት ሞገድ አንዴ ከገባች ከእውነተኛዋ የምትለይበት ምልክት የላትም። ስለዚህ ከፈጣኑ ጫጫታ ከእጥፍ በላይ ፈጥኖ መለካት፣ ካልሆነም ቁጥር ከመሆኑ በፊት ገመዱ ላይ ማጣራት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከተማዋ ወደ ሰበታ ስታልቅ፣ ፉሪ ተራራ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። የዓለም አቀፍ መረብ አካል ነው። እዚያ ያለው መሣሪያ ቀን ከሌት አንድ መስመር ይጽፋል፤ መሬት ምን ያህል ተንቀሳቀሰች የሚል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ጎልቶ ይታያል። ትንንሾቹ ግን በጫጫታ ተውጠው ነው የሚመጡት። መኪናና ሰው የሚፈጥሩት ንዝረት አብዛኛው በሴኮንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ከሱ በታች ደግሞ በየ5 እስከ 10 ሴኮንዱ የምትወዘውዝ ዝግ ያለች ንዝረት አለች፤ ምንጯ የውቅያኖስ ማዕበል ነው። ወደብ የለንም፣ ማዕበሉ ግን በመሬት በኩል ይደርሰናል።

ከሩቅ አህጉር የመጣ መንቀጥቀጥ ትልልቅ ሞገዱ በ20 ሴኮንድ አንዴ ያህል ስለሚወዛወዝ ከሲኖትራክ ለመለየት ቀላል ነው። የቅርቡ ግን ፍጥነቱ ከሲኖትራኩ ጋር ይቀራረባል። ያኔ ፊልተር ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎች ጣቢያዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲኖትራክ አንዱን ጣቢያ ብቻ ነው የሚያንቀጠቅጠው፤ መንቀጥቀጥ ግን ሁሉንም በተራ ያንኳኳል።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በኮሮና ቤቱ ሲዘጋ፣ ተመራማሪዎች ያንኑ ሲጥሉት የኖሩትን የመኪናና የሰው ንዝረት መልሰው አነሱት። ከተሞች ምን ያህል ጸጥ እንዳሉ የለኩት በሱ ነው።

ስለ ሹል ነገሮች ሁለት ቃል ብቻ። አማካይ ተራራን ኮረብታ ያደርጋል። የልብ ግራፍ ላይ የሹሏ ጫፍ ቁመት ለሐኪሙ ትርጉም አላት፤ መጉረድ አይገባም። ሳቪትዝኪና ጎላይ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ዘዴ በየመስኮቱ ጠፍጣፋ አማካይ ሳይሆን ትንሽ ጎባጣ መስመር ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ጫፉ ብዙም አይጎረድም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የገነነው ዌቭሌት ደግሞ መስመሩን ወደ አጫጭርና ረጃጅም ሞገዶች ከፋፍሎ ቁመታቸው ትንንሽ የሆኑትን ይጥላል፣ ትልልቆቹን ያስቀራል። ሁለቱንም ሮቶዬ ላይ ሞክሬአቸዋለሁ። ለሮቶ ቅንጦት ናቸው።

ግርዱን ማየት

አራተኛውን ዓይነት ጫጫታ ያየሁት ፀሐይ ሲጠነክር ነው። ሁልጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ሮቶው ቀስ እያለ ይሞላል። ውሃ የለም። ፓምፑ ጠፍቷል። ግን 80 የነበረው ቁጥር 78 ይሆናል፤ ማታ ተመልሶ 80። 26 ሊትር ከሰማይ ወርዶ ወደ ሰማይ ተመለሰ።

ጥፋተኛው ሙቀት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ በ35 ዲግሪ 352 ያህል። ክዳኑ ሥር ያለው አየር ሲግል ድምፁ ቶሎ ደርሶ ይመለሳል፣ ሴንሰሯም «ውሃው ቀርቧል» ትላለች። እንዲህ ያለውን ስህተት ሚሊዮን ልኬት አማካይ ብትወስዱ አይነካውም። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚዋሹት። ትክክለኛው መፍትሔ ቴርሞሜትር ጨምሮ ፍጥነቱን ማስተካከል ነበር።

እኔ ግን ሰነፍኩ። የዕለቱን ፍጆታ ለምትቆጥረው ፕሮግራም «ፈጣን ቅናሽ ሰው የቀዳው ነው፣ ዝግ ያለ ለውጥ ሁሉ ሙቀት ነው፣ ጣይው» አልኳት። አምሮባት ሠራች። በቀን 36 ሴንቲሜትር፣ ወደ 480 ሊትር፣ እንጠቀማለን አለች። ለሳምንታት አመንኳት።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጤፍ ሲነፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ግርድ ለዶሮ ከመበተናቸው በፊት በጣታቸው ያገላብጡታል። «ለምንድን ነው እትዬ?» አልኳቸው። «ወንፊቱ ተቀዶ ወይም ጠቦ እንደሆን በምን አውቃለሁ ታዲያ?» አሉኝ።

ሄጄ እኔም የራሴን ግርድ አወጣሁ። ማለትም፣ ከጥሬው ቁጥር ላይ የተጣራውን ቀንሼ የተረፈውን ብቻ በግራፍ ሣልኩት። የተጣለው ነገር ጫጫታ ብቻ ከሆነ እንደተበተነ ጤፍ ቅርጽ አልባ መሆን አለበት። የእኔው ቅርጽ ነበረው። የከሰዓቷ ጉብታ አለች፤ እሷስ የታወቀች ናት። ከሥሯ ግን ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። በሰዓት 1 ሴንቲሜትር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሰው ተኝቶ፣ እሱ ይወርዳል።

ሒሳቡን ሠራሁ። ፓምፑ በቀን 60 ሴንቲሜትር ነው የሚሞላው። የተጠቀምነው 36 ነው። 24ቱ የት ሄደ? በሰዓት አንድ፣ በ24 ሰዓት 24። ወደ 320 ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 16 ጀሪካን፣ በየቀኑ።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ከጓሮ ያለው የጋራ ሽንት ቤት ፍላሽ ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃለች። ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ድምፅ ሳያሰማ ሲወርድ ከርሟል። ጎማዋ ተቀየረች። በማግስቱ ቁልቁለቷ የለችም፤ የከሰዓቷ ጉብታ ብቻ ቀርታለች።

ቴርሞሜትሯን እስካሁን አልገዛሁም።